የምቾት መሣሪያዎች ከመበላሸታቸው በፊት፦ ለከተማ ዳር አሽከርካሪዎች ችግርና መፍትሄ

ከቱሉ ዲምቱ አስፋልት ወጥቶ ወደ ሰፈር ውስጥ የሚመላለስ መኪና በበጋ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የመረሬው ጭቃ ከጎማ አልፎ የበሩ እጀታ ድረስ ይለጠፍበታል። እኔ እንዳየሁት በዚህ መሬት ላይ ከሞተርና ከካምቢዮ ቀድመው የሚደክሙት ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው የሚንቀሳቀሱት ትንንሽ ሞተሮችና ሴንሰሮች ናቸው፤ ሲበላሹም ብዙ ጊዜ የሚለወጡት ከነሙሉ ዕቃቸው ስለሆነ ዋጋቸው ከሰጡት ምቾት ጋር አይመጣጠንም። ስለዚህ ምልክቱ ገና ሲጀምር አውቶማቲክ ትዕዛዙን ማጥፋት ይገባል። ዕቃውን ግን ፈጽሞ ሥራ ማስፈታት አያስፈልግም፤ ወራት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያም ደርቆ ይነክሳል።

ስፖኪዮው ሲታጠፍ “ቀጭ ቀጭ” ይላል፣ ወይም አንዱ ወገን ግማሽ ላይ ይቆማል

ይህን ምልክት አስቀድሜ የማነሳው ብዙ ሰው ስለሚንቀው ነው፤ እኔም አንድ በጋ ሙሉ እየሰማሁ ንቄው ነበር። በስፖኪዮው እግር ውስጥ ትንሽ ሞተርና አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠሩ ማርሾች አሉ። መኪናው በተቆለፈ ቁጥር እንዲታጠፍ፣ በተከፈተ ቁጥር እንዲዘረጋ ታዝዞ ከሆነ፣ በቀን አሥር ጊዜ የሚቆለፍ መኪና ስፖኪዮውን ሃያ ጊዜ ያንቀሳቅሰዋል። በመታጠፊያው ክፍተት የገባው ደቃቅ አፈር በካፊያ ይረጥብና ፀሐይ ሲያገኘው ይጠነክራል፤ ሞተሩ ይህን እየታገለ ሲገፋ የማርሹ ጥርሶች ይዘላሉ፣ የሚሰማውም ድምፅ ይኸው ነው። ባጃጅ ገጭቶት ወይም ሰው በእጁ አጥፎት ከቦታው የተንሸራተተ ስፖኪዮም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያሰማ፣ ከሁሉ በፊት በሾፌሩ በር ላይ ባለው ማዞሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፎና ዘርግቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ ችግሩ መንሸራተት ብቻ ከነበረ አንድ ጊዜ ጠንከር ብሎ ይጮህና ወደ ቦታው ይገባል።

ድምፁ ከቀጠለ ስፖኪዮውን ከመቆለፊያው ጋር ያያያዘውን ትዕዛዝ ያጥፉ። በአንዳንድ ቶዮታዎች ማዞሪያውን “አውቶ” ከሚለው ቦታ ማንሳት ብቻ ይበቃል፤ በሌሎች መኪናዎች ከስክሪኑ የመኪና ማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ በስክሪኑ ላይ ከሌለ ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በመመርመሪያ ማሽኑ ሊያጠፋው ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ መታጠፊያውን በውኃና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው፣ በደንብ ሲደርቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ይንፉበት። የሞተር ዘይት አይቀቡት፤ አቧራን ይዞ ያስቀራል፣ ከዘይት የተቀላቀለ አቧራም ጥርስ የሚበላ ሞረድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ በማዞሪያው ማጠፍና መዘርጋት መገጣጠሚያው እንዳይነክስ ይረዳል። እኔ ይህን ባለማድረጌ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ፣ ማርሹን ለብቻው የሚሸጥ አጥቼ፣ ሙሉ ስፖኪዮ ገዝቻለሁ።

ሞተሩ ጠዋት ከብዶት ይነሳል፣ መንገድ ላይ በራሱ መጥፋቱንም አቁሟል

መኪናው ሲቆም ሞተሩን የሚያጠፋና ፍሬኑ ሲለቀቅ የሚያስነሳው ሥርዓት ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ በሚባሉ፣ ለተደጋጋሚ መውጣትና መሞላት በተሠሩ ባትሪዎች እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ጥፋት ዋናው ባትሪ ሲደክም በተራ ባትሪ መተካቱ ነው። ተራው ባትሪ እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ መውጣትና መሞላት አይችልም፤ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ በጠዋት ሰልፍ ውስጥ በየሜትሩ ሲጠፋና ሲነሳ የሚውል ከሆነ ዕድሜው በእጅጉ ያጥራል። ባትሪው ሲደክም ሥርዓቱ ራሱን ስለሚያግድ፣ “ስቶፑ ተበላሸ” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ልመና ነው። ብዙዎች ሞተሪኖው ያልቃል ብለው ይሰጋሉ፤ በእነዚህ መኪናዎች ላይ ግን ሞተሪኖው ለብዙ ማስነሳት ተጠናክሮ ስለሚሠራ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ባትሪው ነው።

መኪናው ሌሊቱን ከቆመ በኋላ ባትሪውን በቴስተር ይለኩ፤ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ወጥቷል። ክብ ቀስት ውስጥ “ኤ” ፊደል ያለበትን ቁልፍ በመጫን ሥርዓቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን በብዙ መኪናዎች ሞተሩ እንደገና በተነሳ ቁጥር ስለሚመለስ፣ ቀበቶ እንደማሰር ከመንቀሳቀስ በፊት የሚደረግ ልማድ ሊሆን ይገባል። በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ያለችውን ሴንሰር ነቅለን እናጥፋልዎ የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ አይፍቀዱለት፤ መኪናው ዲናሞውን የሚያዝዘው በዚያች ሴንሰር መረጃ ስለሆነ አሞላሉ ይዛባል።

ለጥቂት ቀናት የቆመ መኪና አልነሳ ይላል

የቆመ መኪና 50 ሚሊአምፔር ያህል ቢስብ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በሃያ ቀን ከግማሽ በላይ ይወጣል ማለት ነው። መኪናው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከወደቀ ግን ፍጆታው ከዚህ የበዛ ነው። በግቢ ውስጥ መኪናው ከሳሎን ግድግዳ አጠገብ ስለሚቆምና ያለ መንካት የሚከፍተው ቁልፍ እዚያው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል፣ ሁለቱ ሌሊቱን ሲነጋገሩ የሚያድሩበት ቤት ብዙ ነው። ቁልፉን ወደ ጓዳ ማራቅ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መፍትሄ ነው። በብዙ የቶዮታ ስማርት ቁልፎች ላይ መቆለፊያውን ተጭነው እንደያዙ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ሲጫኑ የቁልፉ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ይልና ቁልፉ ምልክት መቀበሉን ያቆማል፤ በቁልፉ ላይ ካሉት መጫኛዎች አንዱ ሲነካ ይመለሳል።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚህ አያመልጡም። ዋናው ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ በሩ እንኳ አልከፈት የሚለው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲወድቅ ነው። በስልክ መተግበሪያው በየሰዓቱ ባትሪው ምን ያህል እንደተሞላ ማየት መኪናውን ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል፤ ሲቆም የሚጠብቀው ካሜራም ካለ አያስተኛውም። በግቢ ውስጥ የሚያድር መኪና ይህን ካሜራ አይፈልግም፤ ይጥፋ።

መስታወቱ ይወጣና መልሶ ይወርዳል፣ ዝናብ መጥረጊያው በደረቅ ይጠርጋል

መስታወቱ የሚመለሰው በጎሚኒው ውስጥ የተጠራቀመው አቧራ ስለሚያጨናንቀውና እጅ እንዳይጨፈለቅ የሚከላከለው ሥርዓት ያንን እንደ ሰው እጅ ስለሚቆጥረው ነው። ጎሚኒውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ሲሊኮን መንፋት፣ ከዚያም መስታወቱን እስከ መጨረሻው ዘግቶ ማዘዣውን ለጥቂት ሰከንድ ወደ ላይ እንደያዙ መቆየት በብዙ መኪናዎች ያስተካክለዋል። ይህን የእጅ መከላከያ አጥፉልኝ ብሎ መጠየቅ ግን ለሕፃን ጣት አደጋ ነው።

ዝናብ የሚለየው ሴንሰር በበጋ ጥቅሙ ጥቂት ነው። አቧራ የለበሰ የፊት መስታወት ላይ መጥረጊያው በደረቅ ሲነሳ መስታወቱን ይቧጭራል፤ መኪና አጣቢው እርጥብ ጨርቅ ሲያሳርፍበትም ድንገት ተነስቶ እጁን ሊመታ ይችላል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከአውቶማቲክ ያውጡት።

ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል

የሚከፈት ጣሪያ ባለበት መኪና ጎሚኒው ውኃን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ አልፎ የሚገባው በማዕዘኖቹ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ መሬት ይወርዳል። ቱቦዎቹ በአቧራ ሲዘጉ ውኃው ወደ ጋቢና ይፈስሳል። ግንቦት ላይ ጣሪያውን ከፍቶ ትንሽ ውኃ በየማዕዘኑ ማፍሰስና ከሥር መውጣቱን ማየት፣ ከተዘጋም በቀጭን የናይሎን ገመድ ቀስ ብሎ መክፈት ይበቃል። በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ቱቦውን ከመያዣው ሊያላቅቀው ይችላል። ልጆች ወይም አጣቢዎች ጣሪያውን ሳያስቡት እንዳይከፍቱት ፊውዙን መንቀል ይቻላል፤ ነገር ግን ያው ፊውዝ ሌላ ነገር የሚመግብ ከሆነ መተው ነው።

የማይነኩት

ኤርባግ፣ ኤቢኤስና መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሥርዓት የምቾት መሣሪያዎች አይደሉም። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ግን ጭቃ ውስጥ ለተያዘ መኪና ለመውጫ ብቻ ይጠፋና አስፋልት ሳይደርሱ ይመለሳል። ሞተሩ ሲጠፋ በራሱ የሚይዘውን የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬንም እኔ አልነካውም፤ ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነውና አንድ ቀን መርሳት ይበቃል።

ያጠፉትን ሁሉ ከነቀኑ፣ የነቀሉትን ፊውዝም ከነቁጥሩ በወረቀት ጽፈው ከባለቤትነት ደብተሩ ፎቶ ኮፒ ጋር በዳሽቦርዱ ሳጥን ያኑሩት፤ ያለበለዚያ በሌላ ቀን የሚመጣው ኤሌክትሪሺያን እርስዎ ያጠፉትን እንደ ብልሽት ሲፈልግ ይውላል፣ ሒሳቡንም ከእርስዎ ይቀበላል።