የጉልበት ጅማቱ ተሰፍቶ ወደ ቤቱ ለተመለሰ ሰው

በእኛ ቋንቋ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ይባላል፤ ማገገሚያቸው ግን ለየቅል ነው። ኳስ ሲጫወት በጉልበቱ ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው የመስቀለኛ ጅማቱ ተበጥሶ የተተካለት ጎረቤት ቶሎ ጉልበቱን እንዲያጥፍ ታዝዞ ሊሆን ይችላል። የጭን ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው፣ ከጉልበት ሎሚ በላይ ወይም በታች ያለው ጅማት የተሰፋለት ሰው ግን ጉልበቱን ባጠፈ ቁጥር ስፌቱ ስለሚወጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ሳምንታት ያህል እግሩ በመደገፊያ ተዘርግቶ እንዲቆይ ይደረጋል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጡ፣ መቼ መርገጥና ስንት ዲግሪ ማጠፍ እንደሚፈቀድልዎ ሐኪሙ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ፈተናው ቤት ውስጥ ነው። በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ደረጃ ሲወጣ ደህናውን እግር ያስቀድም፤ ሲወርድ ክራንቹንና የታመመውን እግር ያስቀድም። በርጩማ ለጊዜው ይቅርብዎ፤ ቡና ሲፈላም ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጠው እግርዎን በሌላ ወንበር ላይ ይዘርጉ። መጸዳጃው ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫውን መሐሉን አስቀድደው ከላዩ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እግሮቹ እርጥብ ሴራሚክ ላይ እንዳይንሸራተቱ ግን አስቀድሞ ሌላ ሰው ተጭኖ ይሞክረው። በሚኒባስ እግር ዘርግቶ መቀመጥ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ለቀጠሮ ቀን የኮንትራት ታክሲ ይያዙና ከኋላ ወንበር ላይ እግርዎን በርዝመቱ ያጋድሙ።

ሲተኙ ከጉልበትዎ ሥር ትራስ አያድርጉ፤ የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዝዎ ሥር ቢገባ እግሩ ቀጥ ብሎ ይውላል። ደም እንዳይረጋ ቁርጭምጭሚትዎን በየሰዓቱ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ሐኪሙ ሲፈቅድ የጭን ጡንቻን ለ5 ሰከንድ ወጥሮ መልቀቅ ይጀመራል። ማጠፉ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተለካ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ሩጫ ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይጠብቃል። ጉልበቱ ግትር አለ ብለው ወጌሻ ዘንድ ሄደው አያሳሹ፤ በኃይል የተጎተተ ስፌት ሊበጠስ ይችላል።

ባትዎ ካበጠና ካመመ፣ ትኩሳት ከተሰማዎ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ድንገት «ቀጭ» ብሎ እግርዎን ዘርግተው ማንሳት ካቃተዎ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይመለሱ። ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።