በሀዋሳ የመንግሥት ሥራ ለማግኘት፦ ማስታወቂያው ሳይወጣ የሚሠራው ሥራ

ሀዋሳ ላይ የመንግሥት ሥራ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሯሯጥ የሚጀምረው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ነው። ያኔ ግን ረፍዷል። ምዝገባው ጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል፤ በእነዚያ ቀናት ከቀድሞ አሠሪ የሥራ ልምድ ማጻፍም ሆነ የተዛባ ስም ማስተካከል የማይታሰብ ነው። "ያለ ሰው አይገባም" የሚባለውን ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው፤ ጨርሶ ውሸት ነው ብዬም አልከራከርም። ይሁን እንጂ ፈተና ክፍል ሳይደርሱ በማጣሪያው የሚቀሩ ብዙ አመልካቾችን የሚጥላቸው ዘመድ ማጣት ሳይሆን የጎደለ ወረቀት ነው። ዘመድ በእጃችሁ ላይሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ግን በእጃችሁ ነው።

1. የቱን በር እንደምታንኳኩ ወስኑ

መንግሥት አንድ አሠሪ አይደለም። ሀዋሳ ውስጥ ብቻ እንኳ የተለያየ ሕግና ደንብ ያላቸው አሠሪዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ።

የመጀመሪያው የከተማ አስተዳደሩ ነው፤ መምሪያዎቹ፣ ክፍለ ከተሞቹና ቀበሌዎቹ። ሁለተኛው የሲዳማ ክልል ቢሮዎች ናቸው። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ክልል ለመሆን ወስኖ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሥልጣኑን ተረክቧል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ሀዋሳ ተወልዶ አድጎ በአማርኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ራሱን እውነቱን ይጠይቅ። ገበያ ላይ መግባባት አንድ ነገር ነው፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ ሌላ። ክልሉ ውስጥ መቀጠር የምትፈልጉ ከሆነ ከማንኛውም አጭር ሥልጠና በፊት ሲዳምኛ መጻፍ ተማሩ፤ የስድስት ወር ትጋት የማይጎዳችሁ ኢንቨስትመንት ነው።

ሦስተኛው በር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ነው። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ መምህራንን ብቻ ሳይሆን የሒሳብ፣ የግዥ፣ የንብረት፣ የሬጅስትራርና የላቦራቶሪ ሠራተኞችንም ይቀጥራል። የገቢዎችና የጉምሩክ ቅርንጫፎችም አሉ። የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

አራተኛው ሰዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚያምታቱት ነው፤ እንደ ኢትዮ ቴሌኮምና ንግድ ባንክ ያሉ የልማት ድርጅቶች። ዋና ባለቤታቸው መንግሥት ቢሆንም ሠራተኞቻቸውን የሚያስተዳድረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንጂ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ሙከራው በወራት የሚቆጠር ነው። ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ፖሊስም በየራሳቸው ሕግ ነው የሚተዳደሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። "ሀዋሳ የቢሮ ከተማ ነው፣ ቁጭ ብለህ ጠብቅ" የሚለው የአጎቶቻችን ምክር ጊዜው አልፎበታል። የቀድሞው ደቡብ ክልል በ2015 ክረምት ማብቂያ ላይ ለሁለት ሲከፈል እዚህ የነበሩት ቢሮዎች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ተበትነዋል። ለዚያ ክልል ማስታወቂያ ሀዋሳ ላይ ሰሌዳ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ከአራቱ በሮች ሁለቱን ምረጡ። ሁሉንም የሚሞክር አንዱንም በቅጡ አይዘጋጅበትም።

2. ፋይሉን ዛሬ ጀምሩ

መጀመሪያ ስማችሁን ተመልከቱ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ የፋይዳ መታወቂያና የቀበሌ መታወቂያ ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ስም በስም አነጻጽሩ። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንዱ ላይ ኤስ አንድ ብቻ፣ ሌላው ላይ ሁለት ሆኖ ይገኛል። "ገብረሥላሴ" አንዱ ላይ በሙሉ፣ ሌላው ላይ "ገ/ሥላሴ" ተብሎ ይጻፋል። የአያት ስም የሌለበትም አለ። ለእናንተ ያው ሰው ነው፤ ፋይል ለሚያጣራው ባለሙያ ግን ሁለት ሰው ነው። ልዩነቱ የመጣው ከትምህርት ቤቱ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ከሆነ ሬጅስትራር ሄዳችሁ አስተካክሉ፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማሳረም ነው። ሁለቱም ሳምንታት ይወስዳሉ፣ ስለዚህ ነው ዛሬ ያልኳችሁ።

ቀጥሎ የትምህርት ማስረጃ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት የተማረ ሰው ዕዳውን እስኪጨርስ እጁ ላይ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ፣ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በቴምፖና በስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው በሚሰጠው የውጤት ግልባጭ) ይመዘግባሉ፤ ከተቀጠራችሁ በኋላ ዕዳው ከደመወዝ እየተቆረጠ ይከፈላል። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለባቸው የውጤታችሁን ማረጋገጫ አብራችሁ ያዙ። ቴክኒክና ሙያ የጨረሳችሁ ደግሞ የብቃት ምዘና ወረቀት፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ከሌላችሁ መመዝገብ እንኳ ላይቻል ይችላል። ከግል ኮሌጅ የወጣችሁ ኮሌጁ ያስተማራችሁ ዕውቅና ባለው ፕሮግራም መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሒሳብ ክፍል ለሦስት ዓመት የሠራችን አንዲት ልጅ አስቡ። ሥራ አስኪያጁ "ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ ነበረች" ብሎ ማህተም መትቶ ይሰጣታል። ደብዳቤው ያምራል፣ ለመንግሥት ቅጥር ግን ምንም አይሠራም። የሚፈለገው የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ የጀመረችበትና የለቀቀችበት ቀን፣ ወርና ዓመት፣ የደመወዙ መጠን፣ የደብዳቤው የወጪ ቁጥርና ቀን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሥራ ግብር መከፈሉ ነው። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተገለጸ ብዙ ጊዜ ከቁጥር አይገባም። ከሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት አጽፉ፤ ከለቀቃችሁ በኋላ እጅ ነሥታችሁም አታገኙት ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ለምታስቡ፣ እነዚህ መደቦች ዋስ ይጠይቃሉ። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው አስቀድማችሁ አናግሩ፤ "ነገ ፈርምልኝ" ተብሎ የሚጠየቅ ጉዳይ አይደለም።

የጤና ምርመራና የፖሊስ አሻራ ግን አሁን አታውጡ። የሚጠየቁት ካለፋችሁ በኋላ ነው፣ ቀናቸውም ያልፋል።

3. ማስታወቂያውን እንደ ውል አንብቡ

ማስታወቂያ የሚገኘው አዲስ ዘመን ላይ፣ በሪፖርተር የረቡዕና የእሑድ ዕትሞች፣ በየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳና በራሳቸው የቴሌግራም ቻናሎች ነው። የክልሉን ፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ቢሮ ሰሌዳ በሳምንት አንዴ በእግር ማየት ልማድ ይሁናችሁ። ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረው ግማሹ የተቆረጠ ፎቶ ነው፤ የተቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ "ማሳሰቢያ" የሚለው የታችኛው ክፍል ነው። የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አንድ መደብ ክፍት ቢሆንም በጀት ካልተያዘለት አይቀጠርበትም፤ ሰኔ ላይ ዝም ያለ መሥሪያ ቤት መስከረም ላይ ስምንት መደብ ቢያወጣ አትገረሙ።

አሁን ሠንጠረዡን ተመልከቱ። የትምህርት ዓይነቱ እንደተጻፈው ነው የሚወሰደው። "ማኔጅመንት" ካለና የእናንተ "ፐብሊክ ማኔጅመንት" ከሆነ ተቀራራቢ ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ ሂዱና ጠይቁ። "0 ዓመት" የሚለው ለአዲስ ምሩቅ የተከፈተ ነው። የቅጥሩ ሁኔታ ቋሚ ነው፣ ኮንትራት ነው ወይስ ጊዜያዊ? የሥራ ቦታውስ ሀዋሳ ነው ወይስ ወረዳ? "10 ተከታታይ የሥራ ቀናት" ከተባለ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት አይቆጠሩም፤ "10 ተከታታይ ቀናት" ከተባለ ግን ይቆጠራሉ። በሁለቱም ሁኔታ ማመልከቻውን በመጨረሻው ቀን ከሰዓት አታምጡት።

ደመወዙ በደረጃ ነው የተቀመጠው፤ በሥራ ምዘናው መሠረት 22 ደረጃዎች አሉ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተግባራዊ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የዝቅተኛው መነሻ 6,000፣ የዲግሪ ጀማሪ ደግሞ 11,500 ብር ሆኗል። ሀዋሳ ላይ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ስሌቱን ራሱ ይሥራው።

4. ፈተናው

ጽሑፍ ፈተናው ከሙያችሁ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሥራና ከጠቅላላ የመንግሥት አሠራር ይወጣል። የዩኒቨርሲቲ ደብተር ብቻ ይዞ መግባት እዚህ ላይ አይበቃም። የአካውንቲንግ ምሩቅ አይኤፍአርኤስን (ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) በቃሏ ትወጣዋለች፤ "ንብረት መጋዘን ሲገባ የሚቆረጠው ሰነድ የቱ ነው?" ሲሏት ግን ትደናገራለች። ሞዴል 19 ለገቢ፣ ሞዴል 20 ለመጠየቂያ፣ ሞዴል 22 ለወጪ እንደሆነ ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማራትም። መንግሥት ቤት የሚሠራ ጎረቤት ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ጠጥታችሁ ቅጾቹን ጠይቁት። ከማንኛውም ሞጁል የበለጠ ትማራላችሁ።

ሕገ መንግሥቱን አንብቡ፤ 106 አንቀጽ ነው፣ በሁለት ምሽት ያልቃል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽና ተጠያቂ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፣ የጥያቄ ማውጫም ይሆናል። 12ቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች እወቁ፤ ሲዘረዘሩ ሳይሆን በምሳሌ። የፌዴራል መደብ ከሆነ የቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በአዋጅ ቁጥር 1353/2017 መተካቱን አትርሱ። ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሸጡት "የመንግሥት ቅጥር ጥያቄና መልስ" ጥራዝ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው የተቀዳ ነው። ለክልል መደብ የክልሉን ሕግ አንብቡ።

ለጸሐፊ፣ ለሾፌርና ለአይሲቲ የተግባር ፈተና አለ። ለሌላውም ቢሆን አማርኛ በኮምፒውተር ሳያዩ መተየብና መደበኛ ደብዳቤ ማርቀቅ ልመዱ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ "ለ"፣ "ጉዳዩ፦"፣ ግልባጭ። የማመልከቻ ደብዳቤያችሁ ራሱ የመጀመሪያው ፈተና ነው።

ቃለ መጠይቁ አጭር ነው። ቀጥ ብላችሁ መልሱ፤ "አገሬን ለማገልገል" ከማለት መሥሪያ ቤቱ ለተገልጋይ የሚሰጠውን አንድ አገልግሎት በስሙ ጠርታችሁ እናንተ የት ላይ እንደምትገቡ ተናገሩ።

5. ውጤት ሲለጠፍ

ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈውን ውጤት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ የየፈተናው ነጥብ ለየብቻ ከተለጠፈ ሁሉንም። ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውክልናቸው ዝቅተኛ የሆነ ብሔረሰቦች ተወላጆች በሕጉ የድጋፍ እርምጃ አላቸው፤ ይህ የሚመለከታችሁ ከሆነ ማመልከቻው ላይ ጻፉ፣ ታስቦልኛል ብላችሁ አትለፉት።

ቅር ካሰኛችሁ ኮሪደር ላይ አትከራከሩ። በአንድ ገጽ የትኛው መደብ፣ የትኛው ቀን፣ ምን ጥያቄ እንዳላችሁ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ቅጂያችሁ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። መልስ ካልተሰጣችሁ ያንን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ፐብሊክ ሰርቪስ፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ትችላላችሁ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉም ወደ መጀመሪያው ቢሮ ነው የሚመልሰው።

ካለፋችሁ ደግሞ አሁን ነው የጤናውና የአሻራው ጊዜ። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ስማችሁ፣ ደረጃውና ደመወዙ ከማስታወቂያው ጋር መግጠሙን ሳታዩ አትፈርሙ፤ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅም ቋሚ የሆናችሁበትን ደብዳቤ ጠይቃችሁ በእጃችሁ ያዙ።