ከሲንክ ስር የሚንጠባጠበው ውሃ እንዴት ቆመ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን ውስጥ የኩሽናው ሲንክ ከተገጠመ ጀምሮ ከስሩ ያፈሳል። የገጠመው ልጅ ሲጠራ ይመጣና ሲሊኮን ደርቦበት ይሄዳል፤ ሲሊኮኑ እንደ አይብ ተቆልሎ ውሃው ግን መንጠባጠቡን አልተወም።

መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ አደረቅኩ፣ በየአንዳንዱ ላይ ሶፍት ጠመጠምኩ፣ ከዚያ ሲንኩን ሞልቼ በአንዴ ለቀቅኩት። ቧንቧውን ብቻ ከፍቶ ማየት አያዋጣም፣ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ ቀዳዳውን አያጋልጥም። የራሰው ሲፎኑ (ከሲንኩ ስር ያለው ጠምዛዛ ቱቦ) ጋ ያለው ሶፍት ብቻ ነበር።

ስፈታው ሾጣጣው ጎሚኒ (መገጣጠሚያው እንዳያፈስ የሚገባው የጎማ ቀለበት) ተገልብጦ ገብቷል። ቀጭኑ ጠርዝ ወደ መገጣጠሚያው መግባት ሲገባው ወደ ማጥበቂያው ዞሯል። ይባስ ብሎ ማጥበቂያው የሚዞርበት ጥርስ በቴፍሎን፣ በነጩ ስስ ቴፕ፣ ተጠቅልሏል! እዚህ ቦታ ውሃ የሚይዘው ጎሚኒው ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም፤ ቴፍሎኑ ማጥበቂያው እንዲጣመም ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

የድሮውን ሲሊኮን በምላጭ ፋቅኩ፣ ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ይሄ ነው። አዲስ ጎሚኒ በትክክለኛው አቅጣጫ አስገብቼ በእጅ ብቻ አጠበቅኩ፤ ፕላስቲክ በፒንሳ ከተጠበቀ ይሰነጠቃል። ድጋሚ ሞልቼ ስለቀው ሶፍቱ አልራሰም።

ጎሚኒ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የ32 እና የ40 ሚሊ ሜትሩ በዓይን ይምታታሉ።