አልፎ አልፎ ብቻ የሚነዳ ፒካፕ፦ ባትሪው እንዳይሞት ምን ይደረግ፣ ከሞተስ እንዴት ይለወጥ?

ከወር እስከ ወር ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚከርም ፒካፕ በአገራችን ብዙ ነው። አንዱ የሚፈለገው በመኸር ወቅት እህል ለማመላለስ ብቻ ነው፤ ሌላው የግንባታ ሥራ ሲገኝ ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ ባለቤቱ ውጭ አገር ስለሚኖር ለእረፍት እስኪመጣ ድረስ ሸራ ለብሶ ይጠብቃል። እንዲህ ባሉ መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ባትሪው ነው፤ የሚበላሸውም ዕድሜው ስላለቀ ሳይሆን ሳይሞላ በመክረሙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር በብዛት የምንጠቀምበትን ባለ 12 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የሚመለከት ነው።

በየቤቱ የተለመደው መፍትሔ ዘበኛው ወይም አንድ የቤተሰብ አባል በሳምንት አንድ ቀን ሞተሩን አስነስቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል እንዲያቆየው ማድረግ ነው። ይህ በቅንነት የሚደረግ ቢሆንም ባትሪውን አያድነውም፤ ሂሳቡን ብናሰላው ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። ፒካፑ ቁልፉ ተነቅሎም ለሰዓቱ፣ ለማንቂያ ደወሉ፣ ለሬዲዮውና ለኮምፒውተሩ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲስብ ይውላል፣ ያድራል። ይህ ፍጆታ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፒር ቢሆን እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ 50 ሚሊ አምፒር በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ ከ8 አምፒር ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ 70 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ጤናማ ባትሪ ማንም ሳይነካው በአንድ ወር ገደማ ግማሹን ያጣል። ጂፒኤስ መከታተያ የተገጠመለት መኪና ከዚህም ፈጥኖ ይወርዳል። ሞተሩ ለአምስት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ዲናሞው የሚመልሰው፣ ሞተሪኖውና የናፍጣ ሞተሩን ቀድመው የሚያሞቁት ካንዴላዎች ለማስነሳት የወሰዱትን ቢሸፍን ነው። የሳምንቱ ዕዳ ግን እንዳለ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይጨመርበታል። በዚያ ላይ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበት በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል።

ዕዳው የሚያስከትለው ጉዳት መኪናው አንድ ቀን አልነሳም ከማለት ያለፈ ነው። ባትሪ ኤሌክትሪክ በሰጠ ቁጥር በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ባትሪው ቶሎ ከተሞላ ይህ ሰልፌት ወደ አሲዱ ይመለሳል። ለሳምንታት ጎዶሎ ሆኖ ከቆየ ግን ጠጥሮ ሳህኖቹን ይሸፍናል፣ ከዚያ በኋላም ቻርጅ ቢደረግ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ባትሪ «አርጅቷል» ተብሎ የሚጣለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መንገድ መኪናውን በእርግጥ መንዳት ነው፤ በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ቢያንስ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በተቻለ መጠን ማርሽ አራትና አምስት በሚገባበት መንገድ ላይ ቢነዳ ባትሪው ብቻ ሳይሆን ፍሬኑና ጎማውም ይጠቀማሉ። ሁለተኛው በግቢው ውስጥ መብራት የሚደርስ ከሆነ፣ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ አነስተኛ ቻርጀር ሰክቶ መተው ነው፤ መብራት ቢጠፋ ሲመለስ ሥራውን መቀጠሉን ግን ከወዲሁ መሞከር ያሻል፣ አንዳንዱ ቻርጀር እንደገና ካልተጫኑት አይጀምርም። ሦስተኛው ኔጌቲቩን፣ ማለትም የመቀነስ (-) ምልክት ካለበት የባትሪው ጫፍ ላይ የታሰረውን ካቦ መፍታት ነው። ነዳጅ ለማግኘት ሰልፍ መያዝ በሚጠይቅበት ጊዜ ለባትሪ ሲባል ብቻ መንዳት ስለሚከብድ፣ መኪናው ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህንን ሦስተኛውን ነው፤ ምንም ወጪ የለውም፣ ማንም ሰው ሊማረው ይችላል።

አፈታቱ ግን ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የሬዲዮው የምስጢር ቁጥር ካለ ይጻፍ፤ በሩ በሪሞት ብቻ የሚከፈት ሆኖ ከኖረም ቁልፉ ራሱ በሩን መክፈቱ ይሞከር፣ ባትሪው ከተፈታ በኋላ ሪሞት አይሠራምና። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ ኮፈኑ ይከፈት። በጃፓን ፒካፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው 10 ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ብቻ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ ምክንያቱም ፖዘቲቩን (የመደመር ምልክት ያለበትን) ቀድመው ሲፈቱ መፍቻ ቁልፉ ከኔጌቲቩ ጋር የተገናኘውን የመኪናውን አካል ከነካ መላው የባትሪው ኃይል በዚያች ቁራጭ ብረት ውስጥ ያልፋል፣ እጅ ያቃጥላል፣ ባትሪውንም ሊያፈነዳ ይችላል። ብሎኑ ከላላ በኋላ ማሰሪያው አልወጣ ቢል በመዶሻ መምታት አይገባም፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ እያዞሩ ወደ ላይ መሳብ ይሻላል፣ የባትሪው ጫፍ ከሥሩ ከተሰነጠቀ አይጠገንምና። የወጣው ካቦ ተመልሶ ጫፉን እንዳይነካ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ይታጠፍ።

ካቦው የተፈታ ባትሪም ቢሆን በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በለዘብተኛ አየር በወር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግን ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን የቆመ መኪና በየሁለት ወሩ ቢለካ ሲበቃው፣ አፋር፣ ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ የቆመውን በየወሩ ማየት ያስፈልጋል።

ለመለካት በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ የሚሸጠው ተራ ቴስተር ይበቃል። መኪናው ከቆመ ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ይለካ፤ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ገደማ ነው። 12.4 ሲደርስ ቻርጅ ማድረግ ይገባል፤ መኪናው እስከሚያቅተው መጠበቅ ሰልፌቱን እንዲጠጥር መፍቀድ ነው።

ቻርጅ ሲደረግ ዝግታው ጠቃሚ ነው። የተለመደው መለኪያ የባትሪውን አቅም አንድ አሥረኛ መስጠት ነው፤ ለ70 አምፒር ሰዓት 7 አምፒር ማለት ነው። ባትሪውን ወደ ቻርጅ ቤት የሚወስድ ሰው «ለነገ ይድረስልኝ» ቢል ከ«አሁኑኑ» ይሻለዋል፤ በከፍተኛ አምፒር በሁለት ሰዓት የተሞላ ባትሪ ይሞቃል፣ ውሃውን ያፈላል፣ ሳህኖቹም ይጎዳሉ። ቤት ውስጥ ከሆነ አየር በሚገባበት ቦታ ይደረግ። በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ስለሚፈነዳ፣ ሲጋራም ሆነ የቡና ከሰል አጠገቡ ሊኖር አይገባም።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃው ከሳህኖቹ በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፣ አሲድ መጨመር ደግሞ የከፋ ስህተት ነው፣ ከባትሪው የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። ሳህኖቹ ከታዩ እነርሱን እስኪሸፍን ብቻ ተጨምሮ ቻርጅ ይደረግ፤ የቀረው ከሞላ በኋላ ይስተካከል። በጫፎቹ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል፣ ድብልቁ ግን ወደ ቀዳዳዎቹ እንዳይገባ ክዳኖቹ በደንብ ይዘጉ። ከደረቀ በኋላ ትንሽ ቫዝሊን ይቀባ። ይህ ሁሉ የዓይን መከላከያና ጓንት ተደርጎ የሚሠራ ነው።

ባትሪው ጨርሶ ወድቆ መኪናው በካቦ ከሌላ መኪና ከተነሳ፣ የመጨረሻው ኔጌቲቭ ጫፍ ከደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከእርሱ ራቅ ካለ የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ይያዝ፤ ብልጭታው ከጋዙ ይርቃል። መኪናው ተነሳ ማለት ግን ባትሪው ሞላ ማለት አይደለም። ባዶ ባትሪ እንዲሞላ ዲናሞውን ማስገደድ ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል፣ እርሱም ከባትሪው ይልቅ ውድ ነው።

የሚለወጥበትን ጊዜ ለማወቅ በመጀመሪያ በደንብ ቻርጅ አድርጎ ማሳደር ይገባል። ካደረ በኋላ ከ12.4 በታች ከወረደ፣ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ቴስተሩ ከ9.6 ቮልት በታች ካነበበ፣ ወይም የባትሪውን አሲድ ጥግግት በሚለካው ሃይድሮሜትር ሲታይ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ ባትሪው አልቋል። ጎኑ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ያለ ምንም ምርመራ ይጣል። አዲሱ ባትሪ ተገዝቶ እርሱም ቶሎ ከወረደ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የመኪናው ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚያባክነውን መስመር ፊውዝ እያወጣ እንዲፈልግ ማድረግ ሦስተኛ ባትሪ ከመግዛት ይቀድማል።

ሲገዛ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ለምሳሌ «95ዲ31አር» በሚለው የጃፓን አጻጻፍ 95 የኃይል ደረጃውን፣ «ዲ» የወርዱንና የቁመቱን መደብ፣ 31 ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር፣ የመጨረሻዋ ፊደል ደግሞ ፖዘቲቩ ያለበትን ጎን ያመለክታል። አሮጌው «አር» ሆኖ ሳለ የአዲሱ የመጨረሻ ፊደል «ኤል» ከሆነ ባትሪው መቀመጫው ላይ በልክ ቢገባም ካቦው አይደርስም፣ ወይም ተገልብጦ ሊታሰር ይችላል፤ ይህም ፊውዞችንና ኮምፒውተሩን ያቃጥላል። የተመረተበት ቀንም ይታይ፤ መደርደሪያ ላይ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ባትሪ ቻርጅ ካልተደረገለት እዚያው ጉዳት ጀምሯል። እኔ እዚያው ሱቁ ላይ ሳይለካ ባትሪ አልቀበልም፤ ከ12.5 ቮልት በታች ካነበበ ሌላ ይምጣ ማለት የገዢው መብት ነው። አንዳንድ የናፍጣ ፒካፕ ሁለት ባትሪ ስላለው ሁለቱም አንድ ላይ ይለወጡ፣ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋልና።

ሲገጠም መቀመጫው ይጸዳ፣ ከዚያ ፖዘቲቩ ቀድሞ፣ ኔጌቲቩ በመጨረሻ ይታሰር። ባትሪውን የሚይዘው ብረት በደንብ መጥበቅ አለበት፤ በፒስታ መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ባትሪ የሳህኖቹ ዱቄት እየረገፈ ታች ይከማችና በውስጡ ይገናኛል። ሞተሩ ተነስቶ በጫፎቹ ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ካልተነበበ የዲናሞው ቺንጋና ዲናሞው ራሱ ይታዩ።

አሮጌው ባትሪ በውስጡ እርሳስና አሲድ ስላለ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ ቀጥ ብሎ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይቀመጥ፤ አሲዱን ግቢ ውስጥ ደፍቶ ባዶውን ለቆራሌ መስጠት አፈሩንም የጉድጓዱን ውሃም ይበክላል። ብዙ የባትሪ ሻጮች አሮጌውን ከአዲሱ ዋጋ ላይ ቀንሰው ስለሚቀበሉ፣ ለግዢ ሲሄዱ ሳይከፍቱትና ሳያዘነብሉት ይዘውት ይሂዱ።