ልጃችሁ አልካራዝን አይቶ ራኬት ከጠየቀ

እዚህ ሀዋሳ፣ ሰፈራችን ባጃጅ የሚነዳ አንድ አባት አለ። በቀደም ከፒያሳ ወደ ቤት ሲያደርሰኝ መንገድ ዳር አቆመና ስልኩን አወጣ። ቪዲዮ ነው። የ9 ዓመት ልጁ በጣውላ ቁራጭ ኳስ እየመታች ከግንብ ታነጥራለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ሜዳ ቴኒስ ያውቃሉ አሉ። ይቺ ልጅ አልካራዝ አልካራዝ እያለች አስቸገረችኝ። ምን ላድርጋት?» አለኝ። እኔ የሰፈር ተጫዋች እንጂ አሰልጣኝ አይደለሁም። ግን ሁለት ልጆቼን አስጀምሬ አንዱን በችኮላዬ ስላስጠላሁት የማውቀውን ነገርኩት። ለእናንተም ይኸው።

የሻምፒዮን ታሪክ ከመጨረሻው አይነበብም። የስፔኑ ቴኒስ ተጫዋች ካርሎስ አልካራዝ በ2022 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ገና በ19 ዓመቱ ትልቁን የአሜሪካ ውድድር ዩኤስ ኦፕንን አሸንፎ የዓለም አንደኛ ሆነ፤ በወንዶች በዚያ ዕድሜ አንደኛ የሆነ ከሱ በፊት አልነበረም። በዓመቱ በእንግሊዙ ውድድር በዊምብልደን ፍጻሜ ላይ ሰርቢያዊውን ጆኮቪችን 4 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ታግሎ ጣለው። በ2025 የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ላይ ጣሊያናዊው ሲነር ዋንጫውን ለመውሰድ አንድ ነጥብ ብቻ የሚቀረው ሦስት ዕድል አግኝቶ ነበር፤ አልካራዝ ከዚያ ጉድጓድ ወጥቶ በ5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ አሸነፈ። ያስደስታል። ለ9 ዓመት ልጅ ግን ከዚህ የሚቀዳ ነገር የለም።

የሚቀዳው ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። አልካራዝ በ2003 ስፔን ውስጥ ሙርሲያ አጠገብ ኤል ፓልማር በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ገንዘብ አጠረውና ፕሮፌሽናል መሆኑን ትቶ በሰፈሩ ክለብ ቴኒስ ማስተማር ያዘ። 10 ዓመቱ ላይ ክሮኤሺያ ለሚካሄድ የልጆች ውድድር የጉዞውን ወጪ የሸፈነለት ጣፋጭ የሚያመርት የአካባቢው ነጋዴ ነው። የቀድሞው የዓለም አንደኛ ሁዋን ካርሎስ ፌሬሮ ጋ የገባው 15 ዓመቱ ላይ ነው። አያችሁ፣ ስመ ጥሩ አሰልጣኝ ዘግይቶ ነው የመጣው። ቅርብ ሜዳ፣ የሚያስተምር አባትና እጁን የዘረጋ ነጋዴ ቀድመውት ነበር።

እንግዲህ ሀዋሳ ላይ ከየት ይጀመር? ከግንብ። ሜዳ ፍለጋ አትሩጡ። ግንቡ ላይ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በጠመኔ አስምሩ፤ መረቡ ያ ነው። ልጁ ከመስመሩ በላይ 10 ኳስ ሳያቋርጥ ይምታ፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ በግራ በኩል። ሰው ሲኖር ደግሞ ትንሽ ሜዳ ሥሩ። ሙሉው ሜዳ 23.77 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለትንንሾቹ የሚመከረው ግን 11 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 11 ሜትር ደጃችሁ ላይ አይጠፋም። ሁለት ወንበር አስቀምጡ፣ ሲባጎ ወጥሩ፣ አሮጌ ነጠላ ጣሉበት፣ በቃ።

ኳሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ እዚህ ከተማ የሚበላሸው በኳስ ነው። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳስ ይበራል። በዚያ ላይ ውስጡ የታመቀው አየር ከውጪው ስለሚበልጥ ነጥሮ ከልጁ ጭንቅላት በላይ ያልፋል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እንኳ ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ለብቻው የኳስ ዓይነት አለው። አዲስ ጣሳ ከፍታችሁ ለ8 ዓመት ልጅ ስትሰጡት፣ ልጁ ኳሱን ከትከሻው በላይ እየተንጠራራ መምታት ይለምዳል፤ ያንን ልማድ በኋላ ማስተው ደግሞ አበሳ ነው። ለልጆች የተሠራ ኳስ አለ፤ ቀዩ ከተለመደው 75 በመቶ ይዘገያል፣ ብርቱካናማው 50፣ አረንጓዴው 25። ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ካላገኛችሁ የሞተ፣ ማለትም ነጠራው የደከመ ኳስ ፈልጉ። ትልልቆቹ «ሞቷል» ብለው የሚጥሉት ኳስ ለልጅ ወርቅ ነው። ሆቴሎቹ ሜዳ ላይ ኳስ የሚለቅሙትን ልጆች ጠይቁ፣ ከረጢት ሙሉ አላቸው።

ራኬት ስትገዙ «ያድግበታል» ብላችሁ የአዋቂ አትግዙ። ጫማ አይደለም። ልጁ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲዘረጋ የራኬቱ ጫፍ መሬት ነካ ካደረገ ልኩ ነው። ለ9 ዓመት ልጅ 25 ኢንች አካባቢ ይሆናል፤ የአዋቂው 27 ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሽቶ ከሚያመጣ ያገለገለ የልጅ ራኬት ያምጣ።

ሜዳውስ? አለ፣ ግን ጥቂት ነው፤ ያለውም ብዙው አጥር ውስጥ ነው። እኔን አንድ ቦታ ጥበቃው «ልጅ አይገባም» ብሎ ከነልጄ መልሶኛል። ተናድጄ ሄድኩ። በኋላ የገባኝ ጥበቃውን ሳይሆን ጠዋት ጠዋት የሚጫወቱትን ሰዎች መለመን እንደነበረብኝ ነው። ከ12 እስከ 2 ሰዓት የሚጫወቱ አዛውንቶች አሉ፤ እነሱ ሲያርፉ 15 ደቂቃ ይለቁላችኋል። ልጁ ኳስ ቢለቅምላቸው አትፈሩ። በአገራችን ስንቱ ተጫዋች የጀመረው ኳስ እየለቀመ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ይበቃል። የቀረውን እግር ኳስም ይጫወት፣ ገመድም ይዝለል። እኔ ትልቁን ልጄን በ10 ዓመቱ በሳምንት ስድስት ቀን አስኬድኩት፤ በ12 ዓመቱ ራኬቱን አልጋ ሥር ከተተው። እስካሁን እዚያው ነው። የ9 ዓመት ልጅ በቀን አራት ሰዓት ይሥራ የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ስለ ውድድር ባጭሩ። ዓለም አቀፉ የታዳጊዎች ውድድር የሚጀምረው 13 ዓመት ሲሞላ ነው፤ ከታች ጄ30 እስከ ላይ ጄ500 ደረጃ አለው። ከዚያ በፊት ከ14 ዓመት በታች የምሥራቅ አፍሪካ ውድድር አለ፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በአገራችን የቴኒስ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ፓስፖርቱን ቀደም ብላችሁ አውጡ። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፤ ከ18 ዓመት በታች ያለች ተጫዋች በዓመት የምትገባባቸው የፕሮፌሽናል ውድድሮች ቁጥር የተገደበ ነው። አሜሪካዊቷ ኮኮ ጎፍ እንኳ በ15 ዓመቷ ዊምብልደን ላይ ቬነስ ዊሊያምስን ያሸነፈች ጊዜ ይህ ገደብ ነበረባት። ልጅ በለጋነቱ ተሰላችቶ እንዳይተወው ነው።

ገንዘቡ ላይ አልዋሽም። ጎፍ በ2023 ዩኤስ ኦፕንን ስታሸንፍ 3 ሚሊዮን ዶላር አገኘች። ጀማሪ የሚገባበት ውድድር ግን ጠቅላላ ሽልማቱ 15,000 ዶላር ነው፤ እሱም ለሁሉም ይከፋፈላል። ትኬትና አልጋ አይችልም። ስለዚህ ባለሀብት ጋ ስትሄዱ «ስፖንሰር ይሁኑን» አትበሉ። አንድ ጉዞ ጠይቁ። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይህን ያህል፣ አልጋ ይህን ያህል፣ ምግብ ይህን ያህል ብላችሁ በወረቀት ስጡት። የአልካራዝንም የክሮኤሺያ ጉዞ የሸፈነው አንድ ነጋዴ ነው።

ትምህርቱንም አታስጥሉ። ኬንያዊቷን አንጄላ ኦኩቶዪን ተመልከቱ። ናይሮቢ ውስጥ አያቷ ናቸው ያሳደጓት። በ2022 ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ሆና የዊምብልደንን የታዳጊ ሴቶች የጥንድ ውድድር አሸነፈች። ከዚያስ? አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እየተማረች እየተጫወተች። ለእኛ ልጆች ከአልካራዝ ይልቅ የሷ መንገድ ይቀርባል ባይ ነኝ።

የአልካራዝ አያት ለልጅ ልጃቸው ሦስት ነገር ይመክሩት ነበር ይባላል፤ ጭንቅላት፣ ልብ፣ ሦስተኛው በስፓኒሽ ትንሽ ባለጌ ስለሆነ እኔ «ወኔ» ብዬዋለሁ። ለባጃጁ አባት ስነግረው ሦስተኛውን ገምቶ ሳቀ።

ትናንት ደወለልኝ። ግንቡን አስምሯል፣ ልጅቷ ሳታቋርጥ 14 ኳስ ደርሳለች። ችግሩ ግንቡ የጋራ ነው፤ ከወዲያ ያሉት እማማ «ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ስል ጭንቅላቴን ይደበድበኛል» ብለዋል። ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ እንድትመታ ተስማሙ፤ ኳስ ወደሳቸው ግቢ ከገባ ደግሞ ራሷ ሄዳ፣ እጅ ነስታ ትጠይቃለች።