ስለ ሙዚቃና ማንነት ጻፉ ከተባላችሁ ከአንድ ዘፈን ጀምሩ

አሜሪካ ኮሌጅ ለምትጀምሩ ልጆች አንዲት ምክር አለችኝ። ብዙ ኮሌጆች ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ንባቡና ጽሑፉ የሚበዛበት ሴሚናር አላቸው። «ሙዚቃና ማንነት» የሚል ርዕስ ከደረሳችሁ «ሙዚቃ ሕይወቴ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። እሱን ማንም ይጽፈዋል።

ቤት ውስጥ ስትሰሙት ያደጋችሁትን አንድ ዘፈን ምረጡ። እናታችሁ ቡና ስታፈላ የምትከፍተው ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ። ቀጥሎ እስክሪብቶ ይዛችሁ፦ ክራሩ የት ገባ? ሆዳችሁ የባባው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? ደቂቃውን ጻፉት። ሦስተኛውን ከእናታችሁ ጋር ስሙና «መጀመሪያ የት ሰማሽው?» በሏት። ፈቅዳላችሁ ስታወራ በስልክ ቅዷት። የጽሑፋችሁ ወርቅ ያለው እዚያ ነው።

ቅኝቱንም፣ ማለትም ዜማው የተሠራበትን የድምፆች ስልት፣ ለዩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ አራቱም በአምስት አምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ትዝታ የቅኝት ስም ብቻ አይደለም፣ ናፍቆትም ነው። ይህን አንድ ቃል ለክፍል ጓደኞቻችሁ ማስረዳት ብቻውን ሁለት ገጽ ይወጣዋል። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋሃደው ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓለም መሐል መቆም ለእናንተ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም።

ግጥሙ ሙሉ በሙሉ ባይገባችሁ አትፈሩ። ያልገባችሁን ስንኝ እንዳለ አስቀምጡትና ለምን እንዳልገባችሁ ጻፉ። እኔ ብሆን ድርሰቱን ከዚያ ስንኝ ነበር የምጀምረው።