መኪናው ይጎትታል? አላይመንት ከማሠራታችሁ በፊት

መኪና ወደ አንድ ጎን ሲጎትት ብዙዎቻችን በቀጥታ ወደ አላይመንት (የጎማዎችን ማዕዘን ማስተካከል) እንሮጣለን። ከሳምንት በኋላ ችግሩ ተመልሶ ቁጭ! ማሽኑ ማዕዘን ይለካል እንጂ ያለቀ ዕቃ አይቀይርም።

ይጎትታል
መጀመሪያ ንፋስ። ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላይ ብትለኩ ቁጥሩ ይሸውዳችኋል። ንፋሱ እኩል ከሆነ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሩ። መጎተቱ አቅጣጫ ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልቀየረ ፍሬኑን ጠርጥሩ። ከቁልቁለት በኋላ ሁለቱም ቸርኬዎች መሞቃቸው ያለ ነው፤ አንዱ ለብቻው ከጋለ ግን ፍሬኑ አልለቀቀም። እጃችሁን ጠጋ አድርጉ እንጂ እንዳትነኩት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ካስተር (ጎማው ለመሪ የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ) እና ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) የሚመጡት፤ መኪና ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይጎትታል።

በነገራችን ላይ፣ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ መሄድ ችግር አይደለም። አስፋልቱ ውሃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል ነው።

ጎማ ይበላል
መዳፋችሁን በጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ መልሳችሁ አሻሹት። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘ ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ተዛብቷል። ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ (የመሪውን ዘንግ) በማስረዘም ወይም በማሳጠር ይስተካከላል። ውስጡ ብቻ ለስልሶ ካለቀ ደግሞ ካምበር ሊሆን ይችላል። እንደ ቪትዝ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ፊት ላይ ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ካምበሩ ከተዛባ የታጠፈ ሾክ አብዞርበር ወይም ያለቀ ቡሽ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) ፈልጉ።

ጉድጓድ ፈርታችሁ በስፔሰር (በሚጨመር ማስነሻ ቁራጭ) መኪናውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ካስነሳችሁም ቶውም ካምበሩም ይቀየራሉ። እኔ ማስነሳቱን አልወደውም፤ ኩርባ ላይ ያዘነብላል። ካስነሳችሁ ግን አላይመንት የግድ ነው።

መሪው ከኩርባ በኋላ አይመለስም
ካስተሩ አንሷል፣ ወይም የሾኩ አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ ጠጥሯል።

መሪው ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል
ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ ጉዳይ ነው። ጎሚስታ ይበቃዋል።

ማሽኑ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት
የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉና ፊቱን በክሪክ አንሱ፤ ከሥሩ እንዳትገቡ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተጫወተ የመሪው ዘንግ ጫፍ አልቋል። ከላይና ከታች ይዛችሁ ከተነቃነቀ የጎማው ኩሽኔታ ወይም የታችኛው የእግር መገጣጠሚያ ነው። መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ከዚያ አላይመንት ስታሠሩ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ የተለካውን ወረቀት ጠይቁ።